አስቀያሚው ካርድ ስንት ያወጣል?

ትዳር የያዙ፣ ቤት የገዙ፣ ልጅ የዳሩ ወንዶች ስለ አንዲት ቁራጭ ካርቶን ጠርዝ ሲጨቃጨቁ መስማት የፈለገ ሰው፣ አሜሪካ ውስጥ የቤዝቦል ካርድ ወደሚሸጥበት አዳራሽ ጎራ ይበል። ጭቅጭቁ ስለ ተጫዋቹ እንዳይመስላችሁ። ተጫዋቹ ስንት እንደመታ፣ ስንት እንደሮጠ በካርዱ ጀርባ በቁጥር ተጽፏል፤ አለቀ። የሚያጣላው ፎቶውን የከበበው ክፈፍ ነው። ግራጫውን ማን መረጠው? ቢጫውን ማን ፈቀደ? ይሄን ቀይ የቀባው ሰውዬ እውነት ደመወዝ ተከፍሎታል?

ለማያውቀው ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ካርዱ ከ1957 ወዲህ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ያዙልኝ) መጠኑ አልተለወጠም፤ ወርዱ 6 ሳንቲሜትር ከምናምን፣ ቁመቱ 9 ሳንቲሜትር ገደማ፣ ኪስ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። ፊቱ ላይ ዱላ ትከሻው ላይ ያጋደመ ወይም ኳስ ሊወረውር ያነጣጠረ ሰው አለ። ድሮ ልጆች ከማስቲካ ጋር ታሽጎ በሳንቲም ይገዙት ነበር። ሰውየው ዘንድሮም ያው ዱላውን ይዞ ነው የሚቆመው፤ ስለዚህ ኩባንያው የዘንድሮውን ካርድ ከአምናው ለመለየት ክፈፉን ይለውጣል። ክፈፉ በተለወጠ ቁጥር ደግሞ የሚያማርር አይጠፋም። እንግዲህ ሰባ ዓመት ያለፈው ማማረር ነው።

እኔ ይህን ማማረር ከዳር ቆሜ ሳዳምጥ ቆይቼ አንድ ነገር ጠረጠርኩ፤ እነዚህ ሰዎች አስቀያሚ የሚሉት አስቀያሚውን አይደለም፤ ርካሹን ነው። ጥርጣሬዬን ያጸናልኝ እንጨት ነው።

በ1962 ቶፕስ የሚባለው ኩባንያ ፎቶዎቹን የሳንቃ መልክ ባለው ቡናማ ክፈፍ ከበባቸው። የፎቶው የታችኛው ማዕዘን ከሳንቃው ተላቆ የተጠቀለለ መስሎ ተስሏል። ዛሬ ሰብሳቢዎች ስለዚህ ካርድ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለሰልሳል፤ ሙቀት አለው፣ የድሮ ሳሎን ያስታውሳል ይላሉ። በ1987 ያው ቶፕስ፣ ያንኑ የእንጨት ክፈፍ ደገመው። ሳንቃው ያው ሳንቃ ነው። ይሄኛው ግን የርካሽ ሆቴል ግድግዳ ይመስላል ተብሎ ለዓመታት ተቀልዶበታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ዛፉ አይደለም። የ1962ቱን እናቶች ቤት ሲያጸዱ ጣሉት፤ የ1987ቱን ግን ማንም አልጣለውም። ዛሬ ከፈለጋችሁ 792ቱንም ካርድ፣ ያውም ያኔ ገና ለጋ የነበረውን ዝነኛ ተጫዋች ባሪ ቦንድስን ጨምሮ፣ የአንድ እራት ሒሳብ በማይሞላ ገንዘብ ታገኛላችሁ። እንግዲህ ይሄ ነው የውበት ትምህርታቸው።

ጆንያውንም እዩት። በ1968 ክፈፉ እንደ ጆንያ ጨርቅ የተሸመነ ቡናማ ነገር ነበር። ድንች የሚጫንበት እንጂ የጀግና ፎቶ የሚሰቀልበት አይመስልም፤ ያኔም ብዙ ልጅ አልወደደውም። ዳሩ ግን በዚሁ ጆንያ ውስጥ ኖላን ራያን የሚባል ወጣት ወርዋሪ አለ፤ ያውም ብቻውን አይደለም፣ ከሌላ ጀማሪ ጋር አንዲት ካርድ ተጋርቶ፣ ፊቱ የአውራ ጣት ጥፍር ታህል። ይህ ካርድ በደህና ይዞታ ከተገኘ በሺዎች ዶላር ይሸጣል። የራያንን ጆንያ አስቀያሚ ነው ያለ ሰብሳቢ እስካሁን አልገጠመኝም። ሽመናው ጎላ ብሎ ይታያል እያሉ ያደንቁታል እንጂ።

እንዲያው ለነገሩ፣ ዛሬ የንድፎች ሁሉ አባት የሚባለው የ1952ቱ ካርድ እንኳ በጊዜው የተፈለገ አልነበረም። ሳይ በርገር የሚባል የቶፕስ ሰራተኛ ከባልደረባው ከውዲ ጌልማን ጋር ሆኖ፣ ብሩክሊን ውስጥ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ በመቀስና በካርቶን ነበር የነደፈው። የዓመቱ ካርዶች የመጨረሻ ክፍል የወጣው የጨዋታው ወቅት ሊያልቅ ሲል ስለነበር ገዢ አጣ። ካርቶን ሙሉ ካርድ መጋዘን ውስጥ አቧራ ሲጠጣ ከርሞ፣ በርገር ኋላ እንደተናገረው፣ በ1960 በጀልባ ተጭኖ ከኒው ጀርሲ ዳርቻ ወዲያ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ተደፋ። ከተደፉት መካከል የዝነኛው ተጫዋች የሚኪ ማንትል ካርድ ነበረበት። ከተረፉት ማንትሎች አንዱ በነሐሴ 2022 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ጉድ በል ጎንደር! እንግዲህ ስለ ክፈፍ ጣዕም የሚከራከር ሰው ሲመጣባችሁ፣ ለዚህ ካርድ ውበቱን የጨመረለት ነዳፊው ነው ወይስ ውቅያኖሱ ብላችሁ ጠይቁልኝ።

ከሁሉ አብልጦ የሚያስቀኝ የ1970 እና የ1971 ታሪክ ነው። በ1970 ክፈፉ ግራጫ ሆነ። በቃ፣ ግራጫ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ሽፋን ቀለም። ሰዉ አጉረመረመ፤ ይህ ምን ዓይነት የደበዘዘ ነገር ነው ተባለ። ኩባንያው የሰማ ይመስል በሚቀጥለው ዓመት ጥቁር አደረገው። ደማቅ፣ ኮስታራ፣ ግርማ ያለው ጥቁር። ለመጀመሪያ ጊዜም በጨዋታ መሃል የተነሱ ፎቶዎችን ከተራ ካርዶቹ ጋር ቀላቀለ፤ የያንኪስ ቡድኑ ተርማን መንሰን በአቧራ ደመና ውስጥ ሆኖ የሚታይባት ካርድ ዛሬም ከቆንጆዎቹ ትቆጠራለች። ስለዚህ ሰዉ ተደሰተ? የት ተገኝቶ! ጥቁሩ ቀለም የታተመው በነጭ ካርቶን ላይ ነው፤ ጠርዙ በትንሹ ሲነካ ቀለሙ ይላጥና ነጩ ብቅ ይላል። በነጭ ክፈፍ ላይ ማንም የማያየው ጭረት እዚህ ላይ ከሩቅ ይጮሃል።

ልጅ ለዚህ ምን ገዶት። ልጅ ካርዱን በላስቲክ ያስራል፣ ከግድግዳ ጋር እያላተመ ይጫወትበታል፣ ብስክሌቱ ጎማ ላይ ሰክቶ ያስጮኸዋል። ችግሩ የመጣው ልጁ አድጎ ካርዱን በማጉያ መነጽር ሲያየው ነው። ዛሬ ካርድ ተቀብለው መርምረው ከ1 እስከ 10 ነጥብ ሰጥተው በፕላስቲክ የሚያሽጉ ኩባንያዎች አሉ፤ በአንድ ነጥብ ልዩነት ዋጋው እጥፍ ድርብ ይሆናል። እናም በ1971 ካርድ ላይ የመጣው መዘዝ ማርከር ነው። አዎ፣ ጥቁር ማርከር። ሽማግሌ ሰው፣ በሌሊት፣ መብራቱን አቅርቦ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ የተላጠውን ጠርዝ እንደ ቅንድብ ሲኳል ይታያችሁ። መርማሪው ደግሞ በበኩሉ በአልትራቫዮሌት መብራት ያበራበታል፤ ማርከሩ ከሕትመቱ ቀለም ጋር አንድ አይሆንምና ይጋለጣል። ክፈፉ በጣም ይላጣል ብለው የሚያማርሩት ሰዎች፣ የማርከር ገበያውን ያደሩትም እነሱ ናቸው። ያልተላጠውን ለማግኘት ደግሞ የማይከፍሉት ዋጋ የለም፤ ለምን ቢሉ፣ የሚላጥ በመሆኑ ያልተላጠው ብርቅ ነዋ! ጉድለቱን ይጠሉታል፤ ዋጋውን የሰጠው ግን ያው ጉድለት ነው።

ከዚያ 1972 መጣ። ይሄ የተለየ ነው፤ ይሄ በርካሽነቱ የተጠላ አይደለም። የሆነውን ካላያችሁ አታምኑም። ፎቶው ላዩ ቀስት በሆነ ክፈፍ ውስጥ ተቀምጧል፤ ለዚህም የመቃብር ሐውልት ይመስላል ያሉት አሉ። ከላዩ የቡድኑ ስም፣ የምሽት ክበብ በር ላይ የሚበራ ይመስል፣ በሁለት ሦስት ቀለም ተነፋፍቶ ተጽፏል። ብርቱካናማው ከሐምራዊው፣ አረንጓዴው ከቢጫው ይጋፋል። ተጫዋቹ በየትኛው ቦታ እንደሚጫወት ፊቱ ላይ አልተጻፈም፤ ምናልባት ቦታ አልተረፈም። በዚያ ዘመን ወጣቱ ጸጉሩን አሳድጎ፣ አበባ ሸሚዝ ለብሶ ሙዚቃ ሲሰማ፣ ቤዝቦል ግን ገና ጸጉሩን በአጭሩ የተቆረጠ የአባቶች ጨዋታ ነበር። የካርዱ ነዳፊ ወጣቱን አየና ለአባቶቹ ያንን ሸሚዝ አለበሳቸው። ስልሳ ዓመት ሊሞላቸው የተቃረቡ አሰልጣኞች፣ ፊታቸውን አጨማደው፣ በዚያ ሁሉ ቀለም ተከበው ሲታዩ፣ ሳያውቁ የልጅ ልጃቸው ድግስ ላይ የተገኙ ነው የሚመስሉት።

በጊዜው ያልተሳቀበት ቀን አልነበረም። ዛሬስ? ዛሬ ደፋር ነው ይባላል። የዘመኑ መንፈስ ነው ይባላል። 787ቱን ካርዶች አሟልቶ የሰበሰበ ሰው፣ እነዚያን የመጨረሻዎቹን ቁጥሮች ፍለጋ ስንት እንዳወጣ ከተናገረ በኋላ፣ ክፈፉን አስቀያሚ ነው ማለት አይችልም። ለሚስቱስ ምን ብሎ ያስረዳታል?

በዚያው ዘመን የነበረውን የቀለም ቀቢዎች ሥራ ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይለኛል። ተጫዋች በክረምት ወደ ሌላ ቡድን ሲዛወር አዲሱን ማልያ ለብሶ የተነሳው ፎቶ አይኖርም፤ ስለዚህ ኩባንያው የድሮውን ፎቶ አውጥቶ አዲስ ኮፍያ ይቀባበታል። ኮምፒውተር የለም፤ በእጅ ነው። ከእነዚህ ሁሉ የነገሠው የኦስካር ጋምብል የ1976 ካርድ ነው። ጋምብል ከክሊቭላንድ ወደ ኒው ዮርክ ያንኪስ ሲዛወር፣ ጸጉሩ ከኮፍያው ግራና ቀኝ ተርፎ እስከ ፎቶው ዳር የሚደርስ አፍሮ ነበር። ቀቢው ያንን ሁሉ ጸጉር ትቶ፣ መሃል አናቱ ላይ የያንኪስ ኮፍያ አስቀመጠለት። ኮፍያዋ ትንሽ፣ ከዚህች ምድር ያልሆነች ትመስላለች። የሚያስቀው ደግሞ ይህ ነው፤ የያንኪስ ባለቤት ጸጉር ያሳደገ ተጫዋች አይወድም ነበርና፣ ጋምብል ማልያውን ከመልበሱ በፊት ተቆረጠ። ያ ጸጉርና ያ ኮፍያ በአንድ ራስ ላይ ውለው አያውቁም። ሰዉ ግን ከነሐሰቱ ይወደዋል።

ዋሽንግተንና አካባቢዋ ለምንኖር ሐበሾች ደግሞ የራሳችን አስቂኝ ካርድ አለን። የሳን ዲዬጎ ፓድሬስ ቡድን ለ1974ቱ ወቅት ወደ ዋሽንግተን ሊዛወር ነው ተባለ። ቶፕስ ቀደም ብሎ የአንዳንዶቹን ተጫዋቾች ካርድ ዋሽንግተን ብሎ አተመ። ከዚያ የማክዶናልድሱ ሬይ ክሮክ ቡድኑን ገዝቶ እዚያው ሳን ዲዬጎ አስቀረው። ዋሽንግተን ቡድን ለማግኘት እስከ 2005 ጠበቀች፤ ካርዱ ግን ከ1974 ጀምሮ ነበራት።

አሁን ወደ እውነተኛው ጥላቻ እንምጣ። ፍሊር የሚባል ሌላ ኩባንያ ቶፕስን ከሶ በ1980 ፍርድ ቤት ረታ፤ በ1981 ፍሊርና ዶንረስ ወደ ገበያው ገቡ። ኋላም ሌሎች ተከተሏቸው። የማንትል ካርድ ስንት እንደሚያወጣ በጋዜጣ ያነበበ አባት ሁሉ ሳጥን ሳጥኑን እየገዛ ጋራዡ ውስጥ ደረደረ፤ የልጄን የኮሌጅ ክፍያ ይሸፍናል ብሎ። ኩባንያዎቹም ፍላጎቱን አይተው ማተሚያውን ሌት ተቀን አሠሩት። ጠርዙ እንዳይነካ ሁሉም ሰው በፕላስቲክ አስገብቶ አስቀመጠ። ሁሉም ሰው ያስቀመጠው ነገር ደግሞ ማንም የማይፈልገው ነገር ነው። ኮሌጁ በብድር ተከፈለ።

የእነዚያ ዓመታት ክፈፎች ዛሬ የስድብ ማከማቻ ናቸው። የ1988ቱ ዶንረስ ሰማያዊ፣ ጥቁርና ቀይ ተቀላቅሎበት የተበላሸ የኮምፒውተር ስክሪን ይመስላል ይባላል። የ1991ዱ ፍሊር ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ነው፤ ታክሲ እንኳ እንዲህ አይደፍርም። ከሁሉ የከፋው የ1990 ዶንረስ ነው ይሉታል፤ ደማቅ ቀይ፣ ላዩ ላይ ቀለም የነካው ብሩሽ የተራገፈበት ይመስል ነጠብጣብ ያለበት።

ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ እንዲህ ባለ አዳራሽ አንድ ሻጭ ጠረጴዛ አጠገብ ቆሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ጠረጴዛው ላይ ረጃጅም የካርቶን ሳጥኖች ተደርድረዋል፤ አንዱ ላይ «25 ሳንቲም» ተብሎ በእጅ ተጽፏል። አንድ ሸበቶ ሰውዬ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አውርዶ፣ ካርዶቹን በሁለት ጣቱ ወደ ፊት እየጣለ ይፈትሻል። ቀዮቹ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄን ያተመ ሰው ዓይን ነበረው?» አለ ወደ ሻጩ ቀና ብሎ።

«ቤትህ የለህም?» አለው ሻጩ።

«ሦስት ሳጥን አለኝ።»

ከዚያ እጁን ሳያሳርፍ ቀዮቹን መፈተሹን ቀጠለ። አንዱን መዝዞ ጀርባውን ገለበጠና ቁጥሩን አየ፤ ከኪሱ የተጣጠፈ ወረቀት አውጥቶ አመሳከረ፤ ፊቱ በራ። ከ1990ው ሲጎድለው የነበረ ካርድ ነው። ሃያ አምስት ሳንቲሙን ከፍሎ፣ ያንን አስቀያሚ ነገር በፕላስቲክ አስገብቶ፣ ዳርና ዳሩን በጥንቃቄ ይዞ ሄደ። የሰርግ ወጡ ጨው በዛበት እያለ ሁለተኛ ሳህን የሚያነሳ ዘመድ የሌለው ሐበሻ የለምና፣ ሰውዬውን መረዳት አልከበደኝም።

ፍርዱ ሁሉ በዋጋ ነው ካልኩ ግን ማመን ያለብኝ አንድ ካርድ አለ። የ1995 ፍሊር። ይህን ውቅያኖስ ውስጥ ብትደፉት፣ ከዓለም አንድ ብቻ ቢቀር፣ ያ አንዱም አስቀያሚ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ነሐሴ ተጫዋቾቹ አድማ መትተው ወርልድ ሲሪስ የሚሉት የ1994 የፍጻሜ ግጥሚያቸው ሳይቀር ተሰርዟል፤ ደጋፊው ተቆጥቷል፤ ካርድ የሚገዛው ቀንሷል። ብልህ ነጋዴ እንዲህ ያለ ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ንጹሕ ነጭ ክፈፍ ያወጣል። ፍሊር ግን አንድ አስቀያሚ ንድፍ አልበቃውም፤ ሊጉ ስድስት ምድብ ነበረውና ለየምድቡ አንዳንድ፣ በጠቅላላው ስድስት ንድፍ አወጣ። ፎቶ ላይ ፎቶ ተደርቧል፣ ጽሑፍ ላይ ጽሑፍ ወጥቷል፣ ወርቃማ ቀለም እንደተገኘ ተረጭቷል። ኮምፒውተር አዲስ የገዛ መሥሪያ ቤት ያለውን የፊደል ዓይነት ሁሉ በአንድ ማስታወቂያ ላይ የሚሞክርበት ዘመን እንደነበር አትርሱ። ስብስቡ አንድ ላይ አልበም ውስጥ ሲገባ ከስድስት ኩባንያ የመጣ ይመስላል፤ ስድስቱም የከሰሩ።

ቶፕስ የማማረሩን ነገር ቀድሞ የገባው ይመስለኛል። በ2001 ሄሪቴጅ የሚል ካርድ ጀመረ፤ የዘንድሮውን ተጫዋች በ1952ቱ ክፈፍ ከቶ መሸጥ ነው። ሐሳቡ ተወደደ። በየዓመቱ አንድ አንድ ዓመት እየገፋ ሄደ። ችግሩ፣ እንዲህ እየገፉ ሲሄዱ የተጠሉት ዓመታት ላይ መድረስ አይቀርም። ደረሱም፤ በ2017 ጆንያው ተመለሰ፤ በ2019 ግራጫው፤ በ2020 የሚላጠው ጥቁር፤ በ2021 ያ የምሽት ክበቡ። ሰዉ ሰልፍ ይዞ ገዛ። ሃምሳ ዓመት ያማረሩበትን ክፈፍ፣ ከድሮው በብዙ እጥፍ ዋጋ። በ2022 ደግሞ የ1987ቱ ሳንቃ ሠላሳ አምስተኛ ዓመቱ ነው ተብሎ በልዩ ካርድነት ከእሽጉ ውስጥ ገባ። የ1987ቱ ልጅ አሁን ባለ ደመወዝ ነዋ። የርካሽ ሆቴል ግድግዳ የነበረው፣ ድምፅ የሚያለሰልስ የአባት ቤት ሳሎን ወደ መሆን እየተጓዘ ነው።

በ2016 ቶፕስ ደፋር ነገር አደረገ። ሰዉ ሲጣላበት የኖረውን ክፈፍ ጭራሽ አነሳው። ፎቶው እስከ ካርዱ ዳር ተዘረጋ፤ ማዕዘኖቹ ላይ ጭስ መሳይ ነገር ብቻ ቀረ። ግራጫ የለ፣ ቢጫ የለ፣ ሳንቃ የለ። እንግዲህ ምን ይባል ይሆን ብዬ ስጠብቅ፣ ያለ ክፈፍ ካርድ ምኑን ካርድ ነው ተባለ። ራቁቱን ነው ተባለ። ተጫዋቾቹ ከፖስተር የተቀደዱ ይመስላሉ ተባለ። በቀጣዮቹ ዓመታትም ይሄው ልቅሶ ቀጠለ። በ2021 ኩባንያው ተሸነፈና ክፈፉን መለሰው፤ ሰፊ፣ ጸዳ ያለ ነጣ ያለ ክፈፍ፣ ልክ እንደለመኑት። የተጫዋቹን ስም ግን በጣም በደቃቁ ጻፈው፤ የ1972ቱን ክፈፍ በልጅነቱ የሰደበ ሰው ዛሬ በስድሳዎቹ ውስጥ ነውና፣ በእጁ የያዘው ማን እንደሆነ ለማወቅ ካርዱን ገልብጦ ጀርባውን ማንበብ ግድ ሆነበት።